ቪዲዮው አጠረ፣ ፋይሉ ግን ለምን ገዘፈ?

በስልክ የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ አለ እንበል። ካሜራው የተንቀጠቀጠበት መጀመሪያ፣ ሰው ከፊት ገብቶ የከለለበት መሃልና ቀራጩ መዝጋት ረስቶ መሬት መሬቱን የቀረጸበት መጨረሻ ተቆርጠው ወጡ፤ የቀረው 6 ደቂቃ ነው። በፊት 600 ሜጋባይት የነበረው ፋይል ኤክስፖርት ተደርጎ ሲወጣ ግን 900 ሜጋባይት ሆኖ ተገኘ። ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል የጀመረ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ይህ ያጋጥመዋል፤ ብዙዎችም ፕሮግራሙ የተበላሸ ወይም እነሱ የተሳሳቱ ይመስላቸዋል። የተበላሸ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ያልታወቀው ነገር ትእዛዙ ምን እንደነበረ ነው።

ጉዳዩን ማወቅ የሚጠቅመው ለባለሙያ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የተሠራ የሠርግና የመልስ ቪዲዮ ሪያድ ላለች እህትና ዋሽንግተን ላለ ወንድም በቴሌግራም ይላካል፤ አገር ቤት ላሉ እናት ደግሞ በፍላሽ ተጭኖ ይሄዳል። በሞባይል ዳታ ለሚልክም ለሚያወርድም ሰው እያንዳንዱ ሜጋባይት ገንዘብ ነው። በሌላ በኩል፣ መጠኑን ለመቀነስ ሲባል ብቻ ያለ ጥንቃቄ የታመቀ ቪዲዮ የሙሽራዋን ፊት አደብዝዞ፣ የጥልፉን ዝርዝር አጥፍቶ ይወጣል። ሠርጉ ደግሞ ተመልሶ አይደገስም።

የፋይሉን መጠን የሚወስነው ምንድን ነው?

የቪዲዮ ፋይል መጠን የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ አንደኛው ቪዲዮው የሚፈጀው ጊዜ፣ ሁለተኛው ቢትሬት ነው። ቢትሬት ማለት ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የመረጃ መጠን ሲሆን፣ እንደ ቀለብ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። በቤቱ ያለው ሰው ቢቀንስም ለእያንዳንዱ የሚሰፈረው ቀለብ በእጥፍ ካደገ፣ ከጎተራ የሚወጣው እህል በጠቅላላው ሊበልጥ ይችላል። የቪዲዮውም ነገር እንዲሁ ነው።

ቢትሬት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሜጋቢት በሰከንድ ሲሆን የፋይል መጠን ደግሞ በሜጋባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ ሜጋቢቱን ለ8 ማካፈል ወደ ሜጋባይት ያደርሳል። አሁን ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። አይፎን በ1080 ሬዞሉሽን (የምስል ስፋት)፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ አዲሱን የእመቃ፣ ማለትም ፋይል የማሳነስ፣ ዘዴ ተጠቅሞ ሲቀርጽ አንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ እንደሚይዝ የስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ገጽ ራሱ ይናገራል። ይህም በሰከንድ 8 ሜጋቢት ማለት ነው፤ 10 ደቂቃው 600 ሜጋባይት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ግን በሰከንድ 20 ሜጋቢት እንዲያወጣ ተዘጋጅቶ ከነበረ፣ 20 በ360 ሰከንድ ተባዝቶ 7,200 ሜጋቢት፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 900 ሜጋባይት ይሆናል። ፕሮግራሙ ዋናው ፋይል በምን ያህል ቢትሬት እንደተቀረጸ ተከትሎ አይሄድም፤ የሚሄደው ኤክስፖርት መስኮቱ ላይ በተቀመጠው ቁጥር ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ በጣም የተለመደ ስሕተት መነሣት አለበት። ብዙ ሰው ሬዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 ዝቅ ካደረገ ፋይሉ በራሱ የሚቀንስ ይመስለዋል። ቢትሬቱ በቁጥር ተቆርጦ ከተቀመጠና ካልተነካ ግን የፋይሉ መጠን ያው ነው። የሚለወጠው ያው ቀለብ ለጥቂት ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉን ለሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ መከፋፈሉ ነው።

ቪዲዮ «ታመቀ» ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው?

ቪዲዮ በፍጥነት የሚከታተሉ ፎቶዎች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። አንድ የ1080 ፍሬም 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። ለእያንዳንዱ ፒክስል ቀለም 3 ባይት ቢያዝለት አንዱ ፍሬም ብቻ 6.2 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታሰብ 155 ሜጋባይት፣ በሰዓት ደግሞ 560 ጊጋባይት ገደማ ይመጣል። ይኸው አንድ ሰዓት በ8 ሜጋቢት ሲታመቅ የሚይዘው 3.6 ጊጋባይት ነው። ከ150 እጥፍ በላይ የሚሆን መረጃ ወጥቶ ዓይናችን ብዙም ሳያስተውለው ይቀራል። ይህን የሚሠራው የእመቃ ስልት ኮዴክ ይባላል።

ኮዴክ የሚሠራው በዋናነት መደጋገምን በማስወገድ ነው። አንድን ፍሬም ሙሉ በሙሉ ይመዘግብና ለሚቀጥሉት «ከቀደመው የተለየው ይህ ብቻ ነው» እያለ ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ እንደገና አንድ ሙሉ ፍሬም ያስቀምጣል፣ ከዚያ ወደ ልዩነት መጻፍ ይመለሳል። ከዚህ በተጨማሪ የሰው ዓይን ከብርሃን ልዩነት ይልቅ ለቀለም ልዩነት ደካማ መሆኑን በመጠቀም፣ የቀለሙን መረጃ በወርድም በቁመትም በግማሽ ቀንሶ ይይዛል።

ይህን አሠራር በቅርብ ለማየት ሁለት ትዕይንቶችን እናነጻጽር። በመጀመሪያው አንድ አባት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ይናገራሉ። ከፍሬም ፍሬም የሚለወጠው ከንፈራቸው፣ ዓይናቸውና አልፎ አልፎ እጃቸው ነው፤ ግድግዳው አንድ ጊዜ ከተመዘገበ ይበቃዋል። ሁለተኛው ትዕይንት ጥምቀት ነው፤ ጃንሜዳ ላይ ጠበል ሲረጭ የተቀረጸ። በአየር ላይ ያሉት የውኃ ጠብታዎች በእያንዳንዱ ፍሬም ቦታቸውን ይቀያየራሉ፤ የጃንጥላዎቹ ወርቀ ዘቦ ፀሐይ እየመታው ያብለጨልጫል፤ ሕዝቡ ይገፋፋል፤ የቀራጩም እጅ አብሮ ይናወጣል። እዚህ ላይ «እንደ ቀድሞው ነው» ሊባል የሚችል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያው ትዕይንት 2 ሜጋቢት ተርፎ ሲተርፍ፣ ለሁለተኛው 8 ሜጋቢትም ላይበቃው ይችላል። ቀለቡ ሲያንስ ኮዴኩ ዝርዝሩን ይተዋል፤ ውኃው ጠብታ መሆኑ ይቀርና አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆኖ ይታያል።

በደብዛዛ መብራት የተቀረጸ ቪዲዮም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ካሜራው የሚፈጥረው የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ለኮዴኩ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ማንም ሊያየው ለማይፈልገው ነጠብጣብ ብዙ መረጃ ይባክናል። ከኤክስፖርት በፊት ነጠብጣቡን በመጠኑ ማለስለስ የፋይሉን መጠን ከሚቀንሱ መንገዶች አንዱ ነው። በአንጻሩ ኤዲተሮች ለውበት ብለው የሚጨምሩት የሚበተን አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ኮከብና የአሮጌ ፊልም መልክ የሚሰጥ ነጠብጣብ ሁሉ ቀለብ ይበላል።

ኤዲት ስናደርግ ጥራቱ ለምን ይጎዳል?

በታመቀ ቪዲዮ ላይ ጽሑፍ ለመጨመር፣ ቀለም ለማስተካከል ወይም ሁለት ትዕይንቶችን ለማዋሐድ ፕሮግራሙ መጀመሪያ እመቃውን ፈትቶ ምስሉን ፍሬም በፍሬም ያወጣል፣ ለውጡን ይሠራል፣ በመጨረሻም ሁሉንም ከአዲስ ያምቀዋል። የመጀመሪያው እመቃ የጣለው ዝርዝር አይመለስም፤ ሁለተኛው ደግሞ የራሱን ይጥላል። የመታወቂያን ፎቶ ኮፒ እንደገና ኮፒ፣ ያንንም እንደገና ኮፒ ስናደርግ ፊቱ እየጠቆረ፣ ማኅተሙ እየጠፋ እንደሚሄደው ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ በዝቅተኛ ጥራት የተገኘን ቪዲዮ በከፍተኛ ቢትሬት ወይም በ4ኬ ኤክስፖርት ማድረግ የጠፋውን አይመልስም። ውኃ የበዛበት ወተት በትልቅ ዕቃ ቢገለበጥ ወተቱ አይጨምርም። በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ ተልኮ የመጣ ፋይል በመንገድ ላይ አንዴ ታምቋል፤ እሱን በ20 ሜጋቢት ማውጣት የደበዘዘውን ምስል ከእነ ድብዛዜው በትልቅ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ኤዲት ለማድረግ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋናው ፋይል ማን ጋ ነው?» የሚል መሆን አለበት። ቀራጩን ደውሎ መጠየቅ ከየትኛውም የኤክስፖርት ማስተካከያ ይበልጣል።

የሚፈለገው ከፊትና ከኋላ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ እንደገና ማመቅ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። እንደ ሎስለስከት ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ቪዲዮውን ሳይፈቱ የተፈለገውን ክፍል እንዳለ ቀድተው ያወጡታል። ጥራቱ አይነካም፤ መጠኑም ከተቆረጠው ጋር ተመጣጥኖ ይቀንሳል፤ ሥራውም በሰከንዶች ያልቃል። ገደቡ፣ መቁረጥ የሚቻለው ሙሉ ፍሬም ባለበት ቦታ ስለሆነ መነሻው በአንድ ወይም በጥቂት ሰከንድ ሊዛነፍ መቻሉ ነው። ለቤተሰብ ማስታወሻ ይህ ምንም አይደለም።

ኤምፒ4 ኮዴክ ነው?

አይደለም። ኤምፒ4፣ ኤምኬቪና ኤምኦቪ ምስሉንና ድምፁን በአንድ ላይ የሚይዙ ዕቃዎች ናቸው፤ ኮዴኩ በውስጣቸው ያለው ነው። የፋይልን ስም መጨረሻ ከኤምኦቪ ወደ ኤምፒ4 መቀየር መጠኑን በአንድ ባይት እንኳ አይቀንስም።

ዛሬ በብዛት የሚያጋጥሙት ኮዴኮች ሦስት ናቸው። ኤች 264 በ2003 የወጣ ሲሆን በአሮጌ ቴሌቪዥንም በርካሽ ስልክም ላይ ይከፈታል። በ2013 የወጣው ኤች 265 ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ቢትሬት ለማድረስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የሚገኘው ቁጠባ እንደ ቪዲዮው ዓይነት ቢለያይም ከፍተኛ ነው። በ2018 የተከተለው ኤቪ1 ከዚያም የተሻለ ያምቃል፣ ነገር ግን ለማመቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎችም አይከፍቱትም። በመጀመሪያው ምሳሌ ስልኩ የቀረጸው በኤች 265 ከሆነና ኤዲተሩ በኤች 264 ካወጣው፣ ያንኑ ጥራት ለመጠበቅ ተጨማሪ ቢትሬት ያስፈልገዋል፤ ይህም ፋይሉ የሚገዝፍበት ሌላው ምክንያት ነው። በፍላሽ ተጭኖ አገር ቤት ለሚሄድ ቪዲዮ ኤች 264 ቢመረጥ ይሻላል። እናት ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው ድምፁ ብቻ ቢሰማቸው በመጠን የተቆጠበው ሁሉ ትርጉም ያጣል።

መጠኑን ልወስን ወይስ ጥራቱን?

እንደገና ለማመቅ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ምርጫው ያለው ፋይሉ የግድ ሊያልፈው የማይገባ ልክ በመኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

የመጠን ገደብ ከሌለ ጥራቱን መወሰን ይሻላል። ሃንድብሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን በአንድ ተንሸራታች ቁጥር ያቀርበዋል። ኤክስ264 በተባለው የኤች 264 ኢንኮደር (እመቃውን በሚፈጽመው ፕሮግራም) ቁጥሩ ከ0 እስከ 51 ሲሆን፣ ሲያንስ ጥራቱም መጠኑም ይጨምራል፤ የኢንኮደሩ መነሻ 23 ነው። በግምት ቁጥሩ በ6 ሲጨምር ፋይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ኢንኮደሩ ተቀምጠው ለሚናገሩት አባት ትንሽ፣ ለጥምቀቱ ውኃ ብዙ እየመደበ ጥራቱን እኩል ለማድረግ ይሞክራል። የመጨረሻው መጠን ስንት እንደሚሆን ግን ቀድሞ አይታወቅም። ቁጥሩ ከኮዴክ ኮዴክ ትርጉሙ እንደሚለያይም ማስታወስ ይገባል፤ ለኤች 265 የሚሠራው ኤክስ265 መነሻው 28 ነው።

ገደብ ካለ ደግሞ ስሌቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። የ90 ደቂቃ የመልስ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላክ እንበል፤ ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ የአንድ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋባይት ነው። 2,000 ሜጋባይት በ8 ሲባዛ 16,000 ሜጋቢት ይሆናል፤ 90 ደቂቃ 5,400 ሰከንድ ነው፤ ሲካፈል 2.96 ይመጣል። ከዚህ ላይ ለድምፁና ለመጠባበቂያ ተቀንሶ ለምስሉ 2.7 ሜጋቢት በሰከንድ ይመደባል። ጭፈራና ሕዝብ ለበዛበት የ1080 ቪዲዮ ይህ በኤች 264 ጠባብ ነው። 720 ከ1080 በፒክስል ብዛት በ2.25 እጥፍ ስለሚያንስ፣ በዚሁ ቀለብ ጥርት ብሎ የሚወጣ የ720 ምስል ከተቆራረጠ የ1080 ምስል ይመረጣል። ሬዞሉሽን ዝቅ ማድረግ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ቢትሬት ተቆርጦ ሲሰጥ «ሁለት ጊዜ ማለፍ» የሚለውን አማራጭ መክፈት ይገባል። በመጀመሪያው ዙር ኢንኮደሩ ቪዲዮውን ከዳር እስከ ዳር አይቶ ከባዱንና ቀላሉን ክፍል ይለያል፣ በሁለተኛው ዙር ቀለቡን እንደየፍላጎቱ ያድላል። ልምድ ያላት ደጋሽ እንግዳውን ሳትቆጥር ወጥ ማውጣት እንደማትጀምረው ነው። ጊዜው ይረዝማል፣ ነገር ግን በዚያው መጠን የተሻለ ምስል ይገኛል።

ስለ ጊዜ ከተነሣ፣ ፍጥነትና መጠን ተቃራኒ መሆናቸውም መታወቅ አለበት። ኢንኮደሩ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ሲታዘዝ መደጋገሙን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ጥራት ትንሽ ፋይል ያወጣል። በግራፊክስ ካርድ አማካይነት የሚሠራው እመቃ እጅግ ፈጣን ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው ያንኑ ጥራት ለማምጣት የበለጠ ቢትሬት ይጠይቃል። ለደንበኛ ዛሬውኑ ለሚታይ ረቂቅ ፈጣኑ ይበቃል። ለዓመታት ለሚቀመጠውና ለብዙ ሰው ለሚላከው ግን ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ማሠራት የሚያስቆጭ አይደለም።

ድምፁስ ምን ያህል ይይዛል?

በትክክል ከታመቀ ጥቂት ነው። ኤኤሲ በተባለው የድምፅ ኮዴክ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የታመቀ ድምፅ ለ90 ደቂቃው 86 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ያልታመቀ ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ ግን በሰከንድ 1,536 ኪሎቢት ስለሆነ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል፤ የቴሌግራሙን ጣሪያ ግማሽ ወሰደ ማለት ነው። ፋይሉ ያለ ምክንያት የከበደ ሲመስል ድምፁ ባልታመቀ ፎርማት ወጥቶ እንደሆነ መመልከት ይገባል።

ለዩቲዩብም ማሳነስ አለብኝ?

ዩቲዩብ የተላከለትን ቪዲዮ ሁሉ በራሱ መንገድ እንደገና ያምቀዋል። እዚያ የሚላከው ፋይል ለተመልካች የሚደርሰው ሳይሆን ለኮፒ የሚቀርበው ዋና ነው፤ ስለሆነም አጥብቆ ማሳነስ ተመልካቹን ይጎዳዋል እንጂ ዳታውን አይቆጥብለትም። ዩቲዩብ ራሱ ለተለመደው 1080፣ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ላለው ቪዲዮ 8 ሜጋቢት፣ ለ720 ደግሞ 5 ሜጋቢት ይመክራል። በቴሌግራም ሲሆን ቪዲዮው «እንደ ፋይል» ከተላከ እንዳለ ይደርሳል፣ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ግን መተግበሪያው በራሱ ሊያምቀው ይችላል። ሰዓታት ወስዶ ሁለት ዙር ያመቀ ሰው በዚህች አንዲት ምርጫ ልፋቱን እንዳያጣ መጠንቀቅ አለበት።

መድረሻዎቹ ብዙ ከሆኑ በመጀመሪያ ከኤዲቱ አንድ ዋና ቅጂ በከፍተኛ ቢትሬት ይውጣ፤ የቴሌግራሙም፣ የፍላሹም፣ የዩቲዩቡም ከዚያ ይቀዳ። ትንሹን ከትንሹ መቅዳት ወደ ፎቶ ኮፒው ታሪክ ይመልሰናል።

ሙሉውን ከማመቄ በፊት ምን ልሞክር?

ከቪዲዮው ውስጥ ከባዱን አንድ ደቂቃ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ጠበሉ የሚረጭበትን ወይም እስክስታው የጋለበትን። ያንን ክፍል ብቻ በታሰበው ማስተካከያ ኤክስፖርት አድርጎ፣ ተቀባዩ በሚያይበት ዓይነት መሣሪያ ላይ መክፈትና በእንቅስቃሴው መሃል ማቆም ነው። የጠብታው ቅርጽ፣ የጥልፉ ክር፣ የፊቱ ገጽታ ከታየ ቀሪውም አያሳፍርም። ካልታየ ቢትሬቱ ከፍ ይበል፣ ወይም ሬዞሉሽኑ ይውረድ፣ ወይም ቪዲዮው ለሁለት ተከፍሎ ይላክ።

ለፍላሽ ከሆነ አንድ ነገር ይቀራል። ብዙ ፍላሾች ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖራቸው እንኳ 4 ጊጋባይት የደረሰን ነጠላ ፋይል አይቀበሉም። ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው አሠራር እንደገና ማዘጋጀት ይቻላል፤ ይህ በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል፣ አሮጌ ቴሌቪዥንም ላያነበው ይችላል። በዚያ ጊዜ የሚያዋጣው ፋይሉን ከ4 ጊጋባይት በታች ማውረድ ነው፦ ለ90 ደቂቃ ቪዲዮ ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 5.5 ሜጋቢት ቢመደብ 3.7 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል።